ምዕራፍ ስድስት፦ ሠላሳ አምፔር

ኢንቨርተር ልሥራ ብሎ የሚነሣ ሰው ልቡ ያለው 220 ቮልቱ ላይ ነው። የሚያስፈራውም የሚያጓጓውም እሱ ነው፤ በባትሪ ቴሌቪዥን ማብራት ቀላል ነገር አይመስልም። ሥራውን ጀምሮ ጥቂት ትራንዚስተር ካቃጠለ በኋላ ግን ሌላ ነገር ይገባዋል። 220ውን ማግኘት የትራንስፎርመር ጉዳይ ነው፤ ትራንስፎርመር ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ጠባዩ የታወቀ ዕቃ ነው። ጣጣው ሁሉ ያለው በወዲያኛው ጫፍ፣ በደረቅ ጣት ቢነኩት እንኳ በማይሰማው በ12 ቮልቱ በኩል ነው። ቮልቱ ትንሽ በመሆኑ ጅረቱ ይገዝፋል፤ የገዘፈ ጅረት ደግሞ ቀጭን ሽቦን፣ የላላ ብሎንን፣ አስመስሎ የተሠራ ትራንዚስተርን አይምርም።

በዚህ ምዕራፍ የምንሠራው ባለ 300 ዋት ኢንቨርተር ነው። መጠኑን የወሰነልን አንድ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ቤት መብራት ሲጠፋ በእርግጥ የሚፈልገው ነገር ነው። ባለ 9 ዋት አራት ኤልኢዲ አምፖል 36 ዋት፣ ቴሌቪዥን 60 ዋት ገደማ፣ ዋይፋይ 10 ዋት፣ ላፕቶፕና ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ተደምረው 80 ዋት ቢሆኑ ጠቅላላው 190 አይሞላም። የቀረው መተንፈሻ ነው። ፍሪጅ አልጨመርንም፤ ሞተሩ ሲነሣ ለቅጽበት ከተለመደው አምስትና ስድስት እጥፍ ስለሚስብ 100 ዋት የተጻፈበት ፍሪጅ ባለ 300 ዋት ኢንቨርተርን ሊያንበረክክ ይችላል። ምጣድ ደግሞ ጨርሶ አይነሣ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል፤ ከ12 ቮልት ባትሪ ይሥራ ቢባል ወደ 300 አምፔር ይጠይቃል። ያንን የሚሸከም ኬብል አውራ ጣት ያክላል።

አሁን ሒሳቡን ወደ ኋላ፣ ወደ ባትሪው እንውሰደው። በቤት ውስጥ የሚሠራ ኢንቨርተር ከሚወስደው ኃይል 85 በመቶውን ከመለሰ ደህና ተሠርቷል። ስለዚህ 300 ዋት ለማውጣት ከባትሪው 353 ዋት ያህል መሳብ አለብን፤ ይህ ለ12 ሲካፈል 29.4 አምፔር ይሆናል። ባትሪው ደክሞ 11 ቮልት ሲደርስ ያው ጭነት 32 አምፔር ይስባል፤ ሲደክም ይበልጥ ይጠየቃል ማለት ነው። ሠላሳ ብለን እንያዘው። ከዚህ በኋላ የምንመርጠው ሽቦ፣ ፊውዝ፣ ትራንዚስተርና የመዳብ ጥምጥም ሁሉ ለዚህ ቁጥር መልስ መስጠት አለበት።

በ220ው በኩል ያው 300 ዋት 1.4 አምፔር ብቻ ነው። በሽቦ ላይ የሚፈጠር ሙቀት በጅረቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ አንድ ዓይነት ሽቦ በሁለቱም በኩል ብንጠቀም በባትሪው በኩል ያለው ከ450 እጥፍ በላይ ይሞቃል። የሶኬት ሽቦ ብለን የምንገዛውን ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር እንውሰድ። ባትሪው አንድ ሜትር ቢርቅ መሄጃና መመለሻው ሁለት ሜትር ነው፤ ሬዚስታንሱ 14 ሚሊኦም ገደማ ይሆናል። ሠላሳ አምፔር ሲያልፍበት 0.4 ቮልት ይጠፋል፣ 12 ዋት ሽቦው ላይ ይቃጠላል። ባለ 10 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይህን ወደ 0.1 ቮልት ያወርደዋል። በደንብ ያልጠበቀ የባትሪ ክላምፕ ደግሞ ከሽቦው ይብሳል፤ 10 ሚሊኦም ብቻ ቢኖረው 9 ዋት በአንዲት ነጥብ ላይ ይሰበሰብና ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ብዙ ሰው ትራንስፎርመሩን ሲነካካ ይውላል እንጂ እጁን ክላምፑ ላይ አድርጎ ሙቀቱን አይፈትሽም።

ፊውዙ 40 አምፔር ይሁን፤ ቦታው ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ባልበለጠ ርቀት ነው። ፊውዙ በኢንቨርተሩ ሣጥን ውስጥ ቢደረግ ከባትሪ እስከ ሣጥን ያለው ሽቦ ጥበቃ አይኖረውም፤ ፊውዝ የምናስገባው ደግሞ ከምንም በፊት ለሽቦው ብለን ነው። የመኪና ባትሪ ሾርት ሲያደርግ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይተፋል። ቀለበትና የብረት ሰዓት ከዚህ ሥራ በፊት ከእጅ ይወልቃሉ፤ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በኤሌክትሪክ አይመታም፣ ጣት ላይ ያለን ብረት ግን ያግላል።

ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። ትራንስፎርመር የሚያስተላልፈው ለውጥን ብቻ ነው። ባትሪን በቀጥታ ብናገናኘው ለአንድ አፍታ ይደነግጥና ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ይሞቃል። ስለዚህ የባትሪውን ጅረት እያቋረጡና አቅጣጫውን እየቀያየሩ መስጠት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የመኪና ሬዲዮ የሠሩ ሰዎች ችግራቸው ይኸው ነበር፤ የሬዲዮው ቱቦዎች 200 ቮልት አካባቢ ይፈልጋሉ፣ መኪናው ያለው 6 ቮልት ነው። መፍትሔያቸው ቫይብሬተር የሚባል ዕቃ ሆነ፤ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የሚርገበገብ የብረት ምላስ ጅረቱን አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው የትራንስፎርመር ጫፍ ይልከዋል። ሬዲዮው ሲከፈት የሚሰማው ዝዝታ የእሱ ነበር። ነጥቦቹ በብልጭታ ይበሉና ጣሳው ተነቅሎ በአዲስ ይተካል። በኃይል ማመንጫ ደረጃ ያለውን ጉዳይ ደግሞ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ዴቪድ ፕሪንስ እ.ኤ.አ. በ1925 በኩባንያው መጽሔት ላይ ጽፎበታል። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ምላሱ ብቻ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ ዛሬ የብረቱን ቦታ ሞስፌት የሚባለው ትራንዚስተር ይዞታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የትራንስፎርመሩ የ12 ቮልት ጥምጥም መካከሉ ላይ ሦስተኛ ሽቦ ይወጣለታል፤ ይህ የመካከል ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ይገናኛል። ሁለቱ ዳር ሽቦዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ሞስፌት በኩል ወደ ኔጌቲቭ ይወርዳሉ። አንደኛው ሞስፌት ሲከፈት ጅረቱ በግማሹ ጥምጥም፣ ሌላኛው ሲከፈት በሌላው ግማሽ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ በየተራ ዘነዘና ሲጥሉ እንደሚሆነው ነው፤ ተራው ከተጠበቀ ሥራው ይፈጥናል፣ ሁለቱ ዘነዘናዎች እኩል ከወረዱ ግን ይጋጫሉ። ሁለቱ ሞስፌቶች ለአንዲት ቅጽበት እንኳ አብረው ቢከፈቱ የሁለቱ ግማሾች መግነጢስ እርስ በርሱ ይጠፋፋና ትራንስፎርመሩ እንደሌለ ይሆናል፤ ባትሪው በሞስፌቶቹ ብቻ ሾርት ያደርጋል።

ተራውን የሚያስጠብቅ ምት ሰጪ ያስፈልጋል። በየቦታው የሚታየው ንድፍ ሲዲ4047 የምትባለውን ባለ 14 እግር አይሲ ይጠቀማል። ድግግሞሹን የሚወስኑት አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ናቸው፤ ሁለቱን አባዝተን፣ ውጤቱን በ4.4 አባዝተን፣ አንድን ለዚያ ስናካፍል ኸርዙ ይወጣል። ካፓሲተሩ 0.1 ማይክሮፋራድ ከሆነ ለ50 ኸርዝ 45.5 ኪሎኦም ያስፈልጋል። የ39 ኪሎኦም ሬዚስተር ላይ ባለ 10 ኪሎኦም ማስተካከያ በተከታታይ ማድረግ ከ46 እስከ 58 ኸርዝ ያለውን ስለሚሸፍን ይበቃል። ካፓሲተሩ የፖሊስተር ይሁን፤ ሴራሚኩ ሣጥኑ በሞቀ ቁጥር ዋጋው ስለሚሸሽ ምቱም አብሮት ይሸሻል።

ለመማር 4047 ጥሩ ነች፤ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ ግን እኔ አልመርጣትም። በሁለቱ ተራዎች መካከል ፋታ አትሰጥም፤ አንዱ መውጫ ሲወርድ ሌላው ወዲያው ይነሣል። በዚያ ላይ የምትሰጠው ጥቂት ሚሊአምፔር ስለሆነ የሞስፌቱ ጌት፣ ማለትም የሚከፍተውና የሚዘጋው እግሩ፣ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ቀስ ብሎ ይጎድላል፤ የዘነዘናዎቹ ግጭት የሚመጣውም በዚህ ጊዜ ነው። ኤስጂ3525 የምትባለው አይሲ ፋታውን በአንድ ሬዚስተር ታስተካክላለች፣ ጌቱን በደንብ ትገፋለች፣ ሲበራም በዝግታ ትጀምራለች። ማወዛወዣዋ ከ100 ኸርዝ ጀምሮ ይሠራል፤ ሁለቱ መውጫዎች በየተራ ስለሚሠሩ እያንዳንዱ 50 ኸርዝ ይሆናል። የምታመጣው ተጨማሪ ጥቅም ጥቂት ቆይቶ ይታየናል።

ሞስፌቱን በተመለከተ፣ ባትሪው 12 ቮልት ስለሆነ 20 ወይም 30 ቮልት የሚችል ይበቃል ብሎ ማሰብ ያታልላል። አንዱ ግማሽ ሲሠራ ሌላው ግማሽ ላይም ያው 12 ቮልት ይፈጠራል፤ የተዘጋው ሞስፌት 24 ቮልት ይሸከማል። በመዝጊያው ቅጽበት ከጥምጥሙ የሚነሣው ሹል ቮልት ይጨመርበታል። አይአርኤፍዜድ44ኤን 55 ቮልት ስለሚችል ለዚህ ይሆናል፤ ሲከፈት ሬዚስታንሱ 17.5 ሚሊኦም ነው። በየጎኑ ሁለት ሁለት ብናደርግ በሙሉ ጭነት አራቱ በድምሩ 8 ዋት ያህል ይሞቃሉ። ግለታቸው ሲጨምር ሬዚስታንሱ ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ 15 ዋት የሚያባርር አሉሚኒየም ይታሰብላቸው። በየጌቱ ላይ 10 ኦም፣ ከጌት ወደ ኔጌቲቭ ደግሞ 10 ኪሎኦም አይረሳ፤ ሁለተኛው ከሌለ ምት ሰጪው ሲጠፋ ጌቱ እንደተሞላ ሊቀር ይችላል።

ገበያ ላይ ስሙ ተፍቆ የተጻፈበት ሞስፌት ብዙ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ጌቱ ላይ 10 ቮልት ሰጥቶ 5 አምፔር ማሳለፍና በሌሎቹ ሁለት እግሮች መካከል ያለውን ቮልት ማየት። 90 ሚሊቮልት አካባቢ ከሆነ እውነተኛ ነው። 300 ሚሊቮልት ካሳየ ሻጩ የፈለገውን ቢምል ሌላ ዕቃ ነው።

ስለ ማቀዝቀዣ የውጭ መጻሕፍት የሚሰጡት ቁጥር ለእኛ አገር ሳይስተካከል አይወሰድም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቬንትሌተሩ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። ብዙ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ የዕቃቸውን አቅም ዝቅ አድርጋችሁ ቁጠሩ የሚሉት ለዚህ ነው። አሉሚኒየሙን ከተባለው ሩብ ያህል ማስፋት ወጪው ኢምንት ነው።

ትራንስፎርመሩ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ። ከምናለሽ ተራ አሮጌ ዩፒኤስ ገዝቶ ትራንስፎርመሩን ማውጣት የተለመደ ነው፤ ርካሽም ነው። ግን ትንሽ የቢሮ ዩፒኤስ የተሠራው መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ለመውጣት፣ ለአሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ላዩ ላይ 600 ቪኤ ስለተጻፈ 300 ዋት ማታውን ሁሉ ይሰጣል ማለት አይደለም። ከሞተር ጠምጣሚ ዘንድ ሄዶ ማስጠምጠም ይሻላል፤ ለዚያ የዙሩን ቁጥር ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

የብረት ኮር የሚሸከመው መግነጢስ ልክ አለው። ከዚያ ሲያልፍ ይጠግባል፤ የጠገበ ኮር ላይ ያለ ጥምጥም ተራ ሽቦ ነው፣ ጅረቱን የሚይዘው የለም። ኮሩ እንዳይጠግብ የሚከላከሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የዙሩ ብዛት፣ የኮሩ ስፋትና የምቱ ፍጥነት። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ማካካስ አለበት። የኮሩ መካከለኛ እግር 5 በ4 ሴንቲሜትር ከሆነ ስፋቱ 20 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ በ50 ኸርዝ፣ በ1.2 ቴስላ፣ ለአራት ማዕዘን ሞገድ ሲሰላ ለ12 ቮልቱ በየጎኑ 25 ዙር ይወጣል። ሽቦው በየጎኑ 7 ካሬ ሚሊሜትር ያህል መዳብ ይፈልጋል፤ አንድ ወፍራም ሽቦ አልታጠፍ ስለሚል ቀጫጭኖችን ደርቦ መጠምጠም ይቀላል። ለ220ው 480 ዙር፣ ዲያሜትሩ 0.8 ሚሊሜትር በሆነ ሽቦ።

ለምን 480? በሙሉ ጭነት ሽቦውና ሞስፌቱ የሚበሉት ተቀንሶ ጥምጥሙ ላይ 11.2 ቮልት ያህል ይደርሳል፤ መውጫው 215 ቮልት ይሆናል። ጭነት ሳይኖር ባትሪው 12.6 ሲሆን 242 ይሆናል። ሁለቱም ይቻላሉ። ባትሪው ቻርጅ ላይ ሆኖ 14.4 ሲደርስ ግን ያው ትራንስፎርመር 276 ቮልት ይተፋል፤ ቴሌቪዥን የሚቃጠለው ያን ጊዜ ነው። የኤስጂ3525 ተጨማሪ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ መውጫውን በትንሽ ትራንስፎርመር እያየች ምቱን ታጠባለች። ምት ሰጪው 4047 ከሆነ ግን ባትሪው ቻርጅ እየተደረገ ኢንቨርተሩ አይከፈትም።

በነገራችን ላይ ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚያመጣው የመኪና ኢንቨርተር የሚሰጠው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ዕቃው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለቤታችን ሶኬት የተሠራ ግን አይደለም። የሚሰካበት ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካልተጻፈ አይሰካ።

የእኛ ኢንቨርተር የሚሰጠው ሞገድ አራት ማዕዘን ነው። የመስመር መብራት ሞገድ ግን ከፍ ዝቅ የሚል ሳይን ነው፤ 220 የምንለው ውጤቱን እንጂ ጫፉን አይደለም፣ ጫፉ 311 ቮልት ይደርሳል። በአራት ማዕዘኑ ጫፉም ውጤቱም 220 ነው። የስልክ ቻርጀርና የዘመኑ ቴሌቪዥን ይህን ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ሞተር ግን ይቆጥረዋል፤ አራት ማዕዘን ሞገድ ውስጥ የ50 ኸርዙ ሲሶ የሚያክል የ150 ኸርዝ ሞገድ ተደብቆ አለ፣ እሱም ሞተሩን ሳያሽከረክር ያሞቀዋል። የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ከእንዲህ ያለ ኢንቨርተር ላይ የሚያጉረመርመው ለዚህ ነው። ሱቅ ውስጥ ሞዲፋይድ ሳይን ተብሎ የሚሸጠው መካከለኛ መንገድ ነው፤ በየ10 ሚሊሰከንዱ ውስጥ ለ5 ሚሊሰከንድ 311 ቮልት ይሰጥና ለ5 ሚሊሰከንድ ያርፋል። ጫፉም 311፣ ውጤቱም 220 ሆኖ ይገጥማል። የሚያስደስት ሒሳብ ነው።

ይህን ሒሳብ የማያውቀው ርካሹ መልቲሜትር ነው። እሱ አማካዩን ይለካና ሞገዱ ሳይን ነው ብሎ በ1.11 ያባዛዋል። የእኛ ትክክለኛ 220 እሱ ላይ 244 ይነበባል። ሞዲፋይድ ሳይኑ ደግሞ ደህና ሆኖ ሳለ 173 ይላል። ሠሪው ቮልቱ አነሰ ብሎ መለኪያው 220 እስኪያሳይ ምቱን ያሰፋዋል፤ ያን ጊዜ እውነተኛው መውጫ 248 ገብቷል። መልቲሜትሩ ላይ ትሩ አርኤምኤስ የሚል ጽሑፍ ከሌለ የተሻለው መለኪያ የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ነው። አንዱን ከመስመር፣ አንዱን ከኢንቨርተር አብርቶ ድምቀታቸውን ማወዳደር ያዋጣል።

ንጹሕ ሳይን የሚሰጡት ኢንቨርተሮች ሌላ ትምህርት ይፈልጋሉ። በጥቅሉ፣ 12 ቮልቱን በ50 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ይቀያይሩታል፤ ፍጥነቱ ሺህ እጥፍ ስለጨመረ ትራንስፎርመሩ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ይሆናል። ከዚያ ከ300 ቮልት በላይ የሆነ ዲሲ ሠርተው፣ እሱን በአራት ትራንዚስተር በሰከንድ 20 ሺህ ጊዜ እየቆራረጡ፣ የምቶቹን ስፋት በማጥበብና በማስፋት ሳይኑን ይቀርጹታል። ኢጂ8010 የምትባለው አይሲ ይህንን ቅርጽ በራሷ ታወጣለች። ለመጀመሪያ ሥራ ግን አልመክረውም። ካፓሲተሩ ላይ የሚቀመጠው ዲሲ ከጠፋ በኋላም ይገድላል፤ የብረት ትራንስፎርመሩ ይከብዳል እንጂ ስሕተትን ይታገሣል።

ባትሪው 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ከሆነ ውስጡ 1,200 ዋት ሰዓት አለ ይባላል። የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከተፈለገ ከግማሽ በላይ አይወሰድበትም፤ የሚቀረን 600 ነው። በዚህ አራቱ አምፖል፣ ቴሌቪዥኑና ዋይፋዩ አምስት ሰዓት ሊሞላቸው ትንሽ ሲቀር ያቆማሉ። የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለዚህ አልተሠራም፤ ሰሌዳዎቹ ስስ ናቸው፣ ደጋግሞ ማድከም ይገድላቸዋል። ሊቲየም ብረት ፎስፌት ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ከአቅሙ 80 በመቶውን ያለ ቅሬታ ይሰጣል። በሁለቱም ዝቅተኛ ቮልት ላይ የሚያቋርጥ ሰርኪዩት ያስፈልጋል፤ ለሊድ አሲዱ ከጭነት ጋር 11.5 ቮልት ላይ ማቆም ይበቃል። ይህ ሞስፌቱንም ይጠብቀዋል፤ ጌቱ የሚሞላው ከዚያው ባትሪ ስለሆነ ቮልቱ ከልክ በላይ ሲወርድ ሞስፌቱ በግማሽ ተከፍቶ ሊቃጠል ይችላል።

ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ከሚታዩት ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ሁለት ወንድ መሰኪያ ያለው ገመድ አበጅቶ ኢንቨርተሩን የግድግዳ ሶኬት ላይ መሰካት ነው። ቆጣሪው ጋ ያለው ብሬከር ካልወረደ 220ው ወደ ውጭ ይወጣል። ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ደግሞ እንደኛው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ የገባለትን ወደ 15,000 ቮልት ያነሣዋል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ የወጣ ሠራተኛ እላዩ ላይ ሊኖር ይችላል። ኢንቨርተሩ የራሱ ሶኬት ይኑረው፤ ወይም ሁለቱ ምንጮች በአንድ ጊዜ ሊገናኙ የማይችሉበት ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ ይገጠም።

መጀመሪያ ሲከፈት ፊውዙን አውጥተን በቦታው ባለ 55 ዋት የመኪና ግንባር መብራት እናደርጋለን። የተሳሳተ ነገር ካለ መብራቱ ይቦገጋል፣ ከ5 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ሞስፌቶቹ ይተርፋሉ። ጨርሶ ካልበራ ወይም በጭላንጭል ካለ ፊውዙን መልሰን ያለ ጭነት የሚስበውን አምፔር እንለካለን። ከ1 አምፔር በታች መሆን አለበት፤ 1 አምፔር እንኳ በቀን 288 ዋት ሰዓት ነው፣ ከሚጠቅመን ባትሪ ግማሽ ያህሉ ማንም ሳይጠቀምበት ያልቃል። 3 ወይም 4 ካሳየ ኮሩ እየጠገበ ነው። መጀመሪያ ምቱ 50 ኸርዝ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ካልሆነ ማስተካከያውን ማዞር፤ ምቱ ልክ ሆኖም አምፔሩ ካልወረደ ጠምጣሚው ዙር ጎድሎበታልና ይመለስለታል። አምፔሩ ልክ ከሆነ ባለ 60 ዋት አምፖል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት እየጨመርን በየደረጃው ግማሽ ሰዓት እናቆየዋለን። በየደረጃው ኢንቨርተሩን አጥፍተን ክላምፖቹን፣ ፊውዙን፣ አሉሚኒየሙንና ትራንስፎርመሩን በእጅ እንዳስሳለን። እጅ አምስት ሰከንድ የማያስቀምጥ ነገር ካገኘን ወደሚቀጥለው ጭነት አንሄድም። ቴሌቪዥኑ የሚሰካው መጨረሻ ነው።